ቆራጭ ከቤቱ ይጀምራል

እትዬ መቀስ ፈሪ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷ የምትናገረው ነው። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ ማኅተም የያዘ ሰው ትፈራለች፣ በር ጠንከር ተደርጎ ከተንኳኳ የያዘችው መርፌ ጣቷን ሳይወጋት አይቀርም። ከሁሉም አብልጣ የምትፈራው ግን ኤሌክትሪክ ነው። ወጣት ሳለች ካውያ ስትሰካ ነዝሯት ክንዷ ደንዝዞ ሰንብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሷን ቤት ማብሪያ እንኳ የምትጫነው ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ በልብስ መለኪያ እንጨቷ ጫፍ ነው። ያየ ሁሉ ይስቅባታል። እሷም «ሳቁ፣ እናንተን ነዝሯችሁ አያውቅማ» ትላቸዋለች።

ታዲያ የሰፈሩ የመብራት ማኅበር የማከፋፈያ ሳጥኑን ቁልፍ የሚይዝለት ሰው ቢያጣ፣ ያን ሁሉ ጎረምሳና ያን ሁሉ አዋቂ ዘሎ ለእሷ ሰጣት። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ታስቦበት የተደረገ ነው።

ማኅበሩ የተቋቋመው ጨለማ የሰለቸው ሰፈር ገንዘብ አዋጥቶ፣ የጎደለውን ለምኖ፣ በድሮው መጋዘን ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የደረደረ ጊዜ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ባትሪዎቹ ተደርድረዋል። ከዚያ ወደየቤቱ መስመር ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ አለው፤ በተጠቀመው ልክ ይከፍላል፤ ከተከፈለውም ላይ ባትሪዎቹ ሲያረጁ መተኪያ የሚሆን ይጠራቀማል። ያን ዕለት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጨብጭቦ ነበር። ሲመሠረት ያላማረ ማኅበር የትም የለም፤ ችግሩ የሚመጣው ሰማዩ የዳመነ ለት ነው።

ደመና ሲበዛ ባትሪው አይሞላም። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ሁሉም ሰላም ነው። ቢጫ ስትሆን ለአንዳንድ ቤቶች መቆረጥ አለበት ማለት ነው። ዝም ተብላ ቀይ ከሆነች ባትሪዎቹ ይጎዳሉ፤ አዲስ ባትሪ ደግሞ ቁጠባው ሳይሞላ የሚገዛ ነገር አይደለም። እንግዲህ ማን ይቆረጥ? የመጀመሪያው ቁልፍ ያዥ ባለ ሱቁ ነበር። ቢጫ በበራ ቁጥር የሁሉንም ቆርጦ የራሱን ማቀዝቀዣና የአማቾቹን መንደር ሳይነካ መክረሙ ታወቀበት። ሰው ሊደባደብ ደረሰ። ያን ጊዜ ባለ ወፍጮው ተነሣ። ባለ ወፍጮው ዕድሜውን ከወፍጮ ጩኸት በላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ስለሆነ በሹክሹክታ ሲናገር እንኳ መስኮት ያንቀጠቅጣል።

«ከዛሬ ጀምሮ ቆራጭ ከቤቱ ይጀምራል!» አለ። «መጀመሪያ የራሱን፣ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ ተራ በተራ። ቁልፉንም ፈሪ ሰው ይያዘው። ፈሪ አይሰርቅም።»

ሁሉም ዞሮ እሷን አየ። እምቢ ማለትም ፈራች። ጨርቅ እንደምትቆርጠው ሁሉ መብራት ስትቆርጥ የታየች ጊዜ መቀስ የሚለው ስም ወጣላት፤ እሱም እንደተጣበቀባት ቀረ።

በሥራው እንከን አልወጣላትም። ቢጫ ሲበራ ቁልፉን ከአንገቷ ላይ አውጥታ፣ የመለኪያ እንጨቷን ይዛ ትሄዳለች፤ ዓይኗን ጨፍና መጀመሪያ የራሷን መስመር ማውረጃ ታወርዳለች፣ ከዚያ የሌላውን። ማንንም አታስተርፍም። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ጸጉር ካስክ ውስጥ ከትታ ሳለች መብራት ተቆረጠባት። ደንበኛዋ በእርጥብ ጸጉር፣ በግማሽ ጥቅልል፣ እየተሳደበች ወጣች። ጸጉር ሠሪዋ እያለቀሰች መጥታ «እትዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው፣ እንደው ለእኔ ብቻ ትንሽ ብታቆዪልኝ» ብትላት፣ እትዬ መቀስ «እህቴ፣ ለአንዱ ከተውኩ ለሁሉም ልተው ነው። ሕግ ሕግ ነው» ብላ መለሰቻት። በዚያን ሰሞን በራሷ ኮርታ ነበር። ሰው በራሱ ሲኮራ ነገ የሚመጣበትን አያይም።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዘመኑን ሁሉ አቧራና ሲጋራ ሲምግ ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ እፎይ ሊል ሲል ሳንባው አሻፈረኝ አለ። ከሆስፒታል ሲመለስ ትንሽ ሻንጣ የምታህል ማሽን ይዞ መጣ። ማሽኗ ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራች በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ትልካለች። ኤሌክትሪክ ካላገኘች ግን እንደ ማንኛውም ሻንጣ ቁጭ ማለት ነው ሥራዋ። ለክፉ ቀን ደግሞ አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር ተሰጣቸው። የሆስፒታሉ ሐኪም እትዬ መቀስን ወደ ጎን ወስዳ «ማሽኑ ቢጠፋ ወዲያው ምንም አይሆኑም፤ ብዙ ከቆየ ግን ልባቸው አይችልም» አለቻት። «ብዙ» ስንት እንደሆነ እትዬ መቀስ አልጠየቀችም። መልሱን ፈራችው።

ሾፌር ምንጊዜም ሾፌር ነውና ማሽኗን «ረዳቴ» ብሎ ሰየማት፤ በጭነት መኪናው ላይ ከጎኑ ተቀምጦ ጎማ እንደሚቀይርለት ልጅ ማለቱ ነው። «ረዳቴ ዛሬ አኩርፏል» ይላል ድምፅዋ ሲቀየር። «ረዳቴ፣ ዳገት ደርሰናል፣ ጠንከር በል» ይላል ሳሉ ሲነሣበት። እሷ በፊተኛው ክፍል በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፤ እሱ በውስጠኛው ክፍል ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣል። የማሽኗ ጉርር ጉርር ሲሰማት እግሯ ይሄዳል። ድምፁ ለአንድ አፍታ ዝቅ ካለ እግሯ ይቆማል፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል፣ እሷም ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ድምፁ ሲመለስ ትንፋሿም ይመለሳል። ደንበኞቿ «እትዬ፣ ምን ነካሽ? ቀሚሴ እኮ ቆየ» ይሏታል። ምን ትበላቸው።

በጋው በሰላም አለፈ። ፀሐይ ሞልቶ ነበርና ቢጫዋ መብራት መኖሯም ተረስቶ ነበር። ከዚያ ደመናው መጣ።

በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የበራው አመሻሽ ላይ ነው። እትዬ መቀስ መጋዘኑ ውስጥ ሳጥኑ ፊት ቆመች። የመለኪያ እንጨቷ እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል። የራሷን መስመር አልፋ የሚቀጥለውን ብታወርድ ማን ያያታል? ማንም። ነገር ግን ከመጋዘኑ ማዶ የሁሉም ቤት መስኮት ይታያል፤ የእሷ መስኮት በርቶ የሰው ከጠፋ ነገ ምን ይባላል? ባለ ሱቁ ምን እንደተባለ ታውቃለች። ዓይኗን ጨፍና የራሷን አወረደች። የቀሩትን እንዴት እንዳወረደች አታስታውስም። ቁልፉን እንኳ በሩ ላይ ትታው እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች።

ባሏን ከመስኮቱ ሥር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገኘችው። ቱቦውን በሥርዓት ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ባለችው ሚስማር ሰቅሎታል።

«ረዳቴ ዛሬ ሲሠራ ስለዋለ ይረፍ ብዬ ነው» አላት፣ በየቃሉ መሀል እየቆመ።

እሷ ሲሊንደሩን ከፈተችለት። ያችን ሲሊንደር ያ ደመናማ ሰሞን ጠርጎ በላት፤ የምትሞላው ደግሞ ሆስፒታሉ ጋ፣ ሩቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጫ ሲበራ የቀራት መላ ቀና አድርጋ ማስቀመጥ፣ መስኮት መክፈትና በብትን ጨርቅ ማራገብ ብቻ ሆነ። በተቆረጠ ቁጥር እየሮጠች ትመጣለች፤ ሁልጊዜም ቱቦው ተጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ታገኘዋለች። መብራቱ ሲጠፋ ነቅሎ የሰቀለው ነው ብላ ታስባለች። ሌላ ምን ታስብ።

ለሰው ብትናገርስ? ይህንን ከራሷ ጋር ያልተከራከረችበት ቀን የለም። እየሰፋች ንግግሯን ትለማመዳለች። «ወገኖቼ፣ እንግዲህ የባለቤቴን ነገር ታውቃላችሁ» ትላለች በከንፈሯ፣ አንድ እጅጌ እስኪያልቅ። እጅጌው ሲያልቅ የጸጉር ሠሪዋ እንባ ይመጣባታል። ለአንዱ ከተውኩ ለሁሉም ልተው ነው ያለችው ማን ነበረች? ዛሬ በየትኛው አፏ «ለእኔ ተዉልኝ» ትበል? ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ደረትሽ ላይ ቆሞ እንኳ «ይቅርታ፣ ረገጥኩሽ» እስኪል ያስጠብቃል።

ከይሉኝታም የባሰ ሌላ ፍርሃት ነበረባት። በዚያው ሰሞን ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ዋናው መንገድ ድረስ መጣ። ወደ ውስጥ ወደ መንደሩ ግን አልገባም፤ መቼ እንደሚገባም የሚያውቅ የለም። መንገድ ዳር ያለው ባለ ወፍጮው ብቻ ነው። «ማኅበሩን ትቶ ወደ ትልቁ መስመር ሊገባ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። የማኅበሩ ኤሌክትሪሻን፣ ቀጭን፣ ትሑት ወጣት፣ ቆጣሪዋን ሊያነብ ሲመጣ ነገሩን አስረዳት።

«እትዬ፣ እኛ ሁላችን ማታ ማታ አምፖል እናበራለን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስታፈራ የሚበላላት ወፍጮው ነው። ከእኛ ሁሉ በላይ የሚከፍለውም እሱ ነው። እሱ ከወጣ የባትሪ መግዣው ቁጠባ ይቆማል። ባትሪዎቹ ደግሞ እያረጁ ነው። ይህንን ክረምት ቢያልፉ የሚመጣውን አያልፉትም።»

«የተረፈውን ፀሐይ ለትልቁ መስመር መሸጥ አይቻልም እንዴ? ተብሎ አልነበር?»

«ለመብራት መሥሪያ ቤቱ አመልክተናል። ይታያል ብለውናል።»

«ከተባለ ቆየ እኮ።»

«አዎ» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «እየታየ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ መቀስ መርፌዋ ላይ አፈጠጠች። ነገሩ ሁለቱንም በር የዘጋ ነው። ሕጉን ጠብቃ የራሷን ስትቆርጥ ባሏ አንድ ቀን በእጇ ይሞትባታል። ሕጉን ብትጥስ ደግሞ፣ ያን ሕግ ያወጣው ባለ ወፍጮው «አያችሁ፣ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ሌባ ነው» ብሎ ሰበብ አግኝቶ ይወጣል። እሱ ከወጣ ባትሪው ይሞታል። ባትሪው ከሞተ ረዳቱ ዝም ይላል። ረዳቱ ዝም ካለ ባሏ ያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ሳታይ አንድ ስፌት አልሰፋችም። ጨርቅ ስትቆርጥ መስመር መሳት ጀመረች። አንዷን ቀሚስ ሁለት ቀኝ እጅጌ አድርጋ ሰፍታ ሰጠች። ምግብ አልወርድላት አለ፤ ባሏ «አንቺ ሴት፣ የታመመው ማን ነው?» እስኪላት ድረስ።

ስብሰባ የተጠራው ባለ ወፍጮው ሐሳቡን ይናገር ተብሎ ነው። ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ከባትሪዎቹ ክፍል በር ፊት። ሰው ከየቤቱ ወንበር ይዞ መጣ፤ ያልያዘው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። እትዬ መቀስ ከቤት ስትወጣ ባሏ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ መስኮቱን ተጠግቶ ነበር። «ሰማዩ ልክ አይደለም» አላት። «አውቃለሁ» አለችው። ማወቋስ ምን ይረባታል።

ባለ ወፍጮው ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለበት ተነሣ።

«እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም» አለ፤ ጣሪያው አስተጋባ። «ግን ሰው ነኝ። ትልቁ መስመር ደጄ ላይ ቆሟል። እዚህ ደመና በመጣ ቁጥር እህሉ ሳይፈጭ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ይመለሳል። እስከ መቼ?»

«ትልቁስ መስመር ቢሆን ሁለት ቀን በርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል» አለች ጸጉር ሠሪዋ። «አንተ ትድናለህ፣ ማበጠሪያ የያዝነው እንጨልማለን። ይኸው ነው ነገሩ።»

ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ የራሱን ሰሌዳ ገዝቶ ቢወጣ እንደሚሻለው ተናገረ። ሌላው የሚከፈለው በተጠቀሙት ልክ መሆኑ ቀርቶ እኩል ይሁን አለ። ሦስተኛው፣ አንድ አምፖል ብቻ ያለው፣ «እኩል ማለት ላንተ ነው እኩል» ብሎ ጮኸ። ባለ ሱቁ ደግሞ ከጥግ ሆኖ «እኔ ቁልፍ በያዝኩ ጊዜ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም» አለ። ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አንተ ዝም በል!» አለው። ያን ቀን ማኅበሩ የተስማማበት ነገር ያ ብቻ ነበር።

እትዬ መቀስ የሚባለውን አልሰማችም። በመጋዘኑ በር ሰማዩን ታያለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጥላ ጠፍቶ ሁሉም ነገር ግራጫ ሆኗል። ዛሬ ልናገር ብላ ነው የመጣችው። «ወገኖቼ» የምትለዋን ቃል በከንፈሯ ትለማመዳለች። አፏን ስትከፍት የባለ ወፍጮው ድምፅ ይቀድማታል፤ ስትዘጋው ዝም ይላል።

ቢጫው በራ።

መጀመሪያ ያየው ኤሌክትሪሻኑ ነው። እሷን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ጉርምርምታው ቆመ። ከሩቅ የወፍጮው ጩኸት ብቻ ይሰማል፤ ሠራተኛው እየፈጨ ነበር።

ተነሣች። ሳጥኑን ከፈተች። መለኪያ እንጨቷን የራሷ መስመር ላይ አሳረፈች። ልማዷ ዓይኗን መጨፈን ነበር፤ ጨፈነችም። በጨለማው ውስጥ ግን የታያት ባሏ ነው፤ በየቃሉ መሀል እየቆመ፣ አየሩን በከንፈሩ እየፈለገ። እጇ እምቢ አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደተባለው፣ በሕይወቷ ሁሉ የፈራችው ነገር አንድ ላይ ተሰብስቦ ፊቷ ቆመ፤ ሰው፣ ማኅበር፣ ሕግ፣ ሳጥኑ፣ ያ የባለ ወፍጮው ድምፅ። ዓይኗን ገለጠች። እንጨቱን ከራሷ መስመር አንሥታ ከሁሉም የሰፋውን ማውረጃ፣ የወፍጮውን፣ አወረደችው።

የወፍጮው ጩኸት እየሟሸሸ ሄዶ ቆመ።

«እትዬ፣ ተሳሳቱ መሰለኝ» አለ ባለ ወፍጮው።

«አልተሳሳትኩም።»

«ከቤትዎ አይደለም እንዴ የሚጀመረው?»

«ከቤቴ ከጀመርኩ ባሌ ይሞታል» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «የሚተነፍሰው በማሽን ነው። እስከ ዛሬ ስቆርጥበት ኖሬያለሁ። ከዛሬ በኋላ አልቆርጥም። ቁልፉ ይኸውላችሁ። ሌባ በሉኝ፤ ያላችሁትን በሉኝ።»

ቁልፉን ከአንገቷ ልታወጣ ብትል ክሩ ጸጉሯ ላይ ተጠላለፈባት። ጸጉር ሠሪዋ ተነሥታ መጣች። ክሩን አላላቀቀችውም፤ እጇን ያዘቻት።

«እናውቃለን እኮ እትዬ» አለች።

«ምኑን?»

«ማሽኑን። ድምፁ በግድግዳ ይሰማኛል። ሁላችንም እናውቃለን።»

እትዬ መቀስ ፊታቸውን ዞር ዞር ብላ አየች። ሁሉም አቀርቅሯል። ባለ ሱቁ እንኳ።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አንቺ ሳታነሺው እኛ እንዴት እናንሣው? ገመናዬን ምን አገባችሁ ብትዪንስ? አንድ ቀን ራሷ ትናገራለች እያልን ነበር።» ጸጉር ሠሪዋ አለቀሰች። «ስትቆርጪ በመስኮት እያየሁሽ… እንዴት ጨክና ቆረጠችው እያልኩ… መጥቼ ደጅሽ ቆሜ እመለሳለሁ።»

እሷ እነሱ እንዲናገሩ ስትጠብቅ፣ እነሱ እሷ እንድትናገር ሲጠብቁ፣ አንድ ሰው በመሀል ትንፋሽ አጥቶ ሊሞት ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህኛው ግን ነቅዞ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋነት የእግዜር ቁጣ ነው።

ባለ ወፍጮው ቆቡን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አራገፈው፤ ዱቄቱ ቦነነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ያን ሕግ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለሌባ ነበር ያመጣሁት። የእኔ ወፍጮ እህል ይፈጫል እንጂ ሰው አይፈጭም። የእርስዎ መስመር አይነካ። የትልቁን መስመር ነገር ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። አሁን ይሂዱ፣ ለሾፌራችን ይንገሩት። የቀረውን ኤሌክትሪሻኑ ልጅ ይቆርጠዋል።»

ወጣች። ከዘመናት በኋላ ትከሻዋ ላይ ያለው ድንጋይ የወረደላት መሰላት። መንገዱን ስታቋርጥ ውሻ ጮኸባት፤ አልዞረችም። ለባሏ የምትነግረውን እያሰበች፣ ጸጉር ሠሪዋ ከኋላዋ እየተከተለቻት፣ ደጇ ደረሰች።

ደጇ ላይ ክው ብላ ቀረች። ቤቱ ፀጥ ብሏል።

ጉርርታው የለም። አልቆረጠችም እኮ! የፊተኛው ክፍል አምፖል እንደበራ ነው፤ መብራት አለ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? የስፌት መኪናውን በጭኗ እየገጨች ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ቱቦው ተጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ባሏ ወንበሩ ላይ ወደ መስኮቱ ተደፍቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

እንጨቷ እጇ ላይ አልነበረም። ዓይኗን አልጨፈነችም። የማሽኑን ማብሪያ በባዶ ጣቷ ተጫነችው። ማሽኑ ጉርር አለ። ቱቦውን ከሚስማሩ ነጥቃ አፍንጫው ላይ ስታደርግለት ጸጉር ሠሪዋ በብብቱ ገብታ ቀና አደረገችው። «አባቴ፣ በእናትህ፣ ተንፍስ» ትላለች እትዬ መቀስ፤ ባሏን አባቴ ብላ ጠርታው አታውቅም። ደረቱ ከፍ አላለም። ከዚያ ትንሽ አለ። ከዚያ ሳለ። ያንን ሳል እንደዚያን ቀን ወድዳው አታውቅም።

ሲቆይ ዓይኑን ገለጠ።

«ቆረጥሽ?» አላት።

«አልቆረጥኩም! መብራት አለ እኮ፣ አታይም? ማሽኑን ማን አጠፋው?»

መስኮቱን አየ። ሰማዩ ከመስኮቱ ሞልቶ ይታያል፤ ያ ሁሉ ግራጫ።

«አንተ ሰው፣ ማን አጠፋው?»

«ሰማዩን አይቼ ቀደምኩሽ» አለ።

«እስከ ዛሬም? ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የሞትኩ ለት ያጠፋው እኔ እንድሆን ነዋ። ያንቺ እጅ ከሆነ… አንቺ ፈሪ ነሽ። ይዘሽው መኖር አትችዪም።»

ጸጉር ሠሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እትዬ መቀስ መሬት ላይ ተቀመጠችና የባሏን ጉልበት ይዛ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች። እሷ በሳጥኑ ፊት ስትንቀጠቀጥ፣ መስመሩን ስታወርድ፣ ስትሮጥ፣ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የምታጠፋው የጠፋ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተስተካከለ። ባለ ወፍጮው ትልቁን መስመር አስገባ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን በማኅበሩ ፀሐይ መፍጨቱን አልተወም፤ ርካሽ ነውና። የባትሪው ቁጠባ ቀጥኗል እንጂ አልቆመም፤ ባትሪዎቹ የሚመጣውን ክረምት ያልፉት እንደሆን የሚያውቅ የለም፤ መሥሪያ ቤቱም እያየ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን መስመር ለይቶ ዘረጋ። ጸጉር ሠሪዋ የዚያን መስመር ማውረጃ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው፤ ማንም እንዳይነካው። የቤቷ አምፖል ግን ዛሬም ከሁሉ በፊት ይቆረጣል። ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው።

እትዬ መቀስ የማሽኑን ማብሪያ በወፍራም ሸራ ሸፍና ዙሪያውን በድርብ ክር ሰፋችው። ባሏ «ረዳቴን እስር ቤት አስገባሽው» ብሎ ሳቀ። አልሳቀችም፤ ሰማይ አይቶ የማጥፋት ልማዱ በቀላሉ እንደማይለቀው ታውቃለች። አሁን ሰማዩ ሲጠቁር ወደ መጋዘኑ የምትሄደው በቤቷ ያለውን መቀስ፣ ምላጭና መተርተሪያ ሁሉ በከረጢት ይዛ ነው። ዓይኗን ሳትጨፍን ቶሎ ቶሎ ትቆርጥና እየሮጠች ትመለሳለች፤ ሽማግሌው ስፌቱን በጥርሱ እየተረተረው እንዳይሆን ፈርታ።